ሦስተኛው ዝምታ

ላብራቶሪ ውስጥ መለያ ያልተለጠፈበት ናሙና አይመረመርም። አምጪው የማን ደም እንደሆነ ምሎ ቢናገር እንኳ ቱቦው ይጣልና በሽተኛው እንደገና ይቀዳል። ኩዌት፣ ፈርዋኒያ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ስምንት ዓመት በዚህ ደንብ ሠርቻለሁ። ኸይጣን የሚሰበሰበው የወንጌል ኅብረታችን የመዝሙር ደብተሩን እንዳዘጋጅ ሲመርጠኝም ደንቡን ይዤው ሄድኩ። ከእያንዳንዱ መዝሙር ሥር ማን እንደደረሰው፣ የትና መቼ፣ ምን ገጥሞትም እንደደረሰው ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። ያልታወቀውን አላስገባም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ መቶ አሥራ ሁለት መዝሙሮች ተመዝግበው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የቀረው ደግሞ ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀው ነው።

አለህ ወይ ጌታ፣ እኔ ደጅ ነኝ፤
በሩ ቢዘጋም ድምፅህ አይራቀኝ፤
ውሃህን ስጠኝና አለሁ በለኝ።

ሦስት ስንኝ ነው፤ ሌላ የለውም። ሰው የያዘው ግን ስንኙን ብቻ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ዘማሪው ዝም ይላል፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ከሚበቃው በላይ፣ አራት ምት ያህል። ከዚያ ይቀጥላል። በወረርሽኙ ዘመን መዝሙሩ ከስልክ ወደ ስልክ ቤይሩት ደረሰ፤ ሪያድ፣ ዱባይ፣ በመጨረሻም አገር ቤት ገባ። በደረሰበት ሁሉ ሰዎች ዝምታውን ሳይቆርጡ ዘመሩት። ለምን ዝም እንደሚሉ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለማያውቁም ታሪክ ፈጠሩለት። ከቤይሩት የደረሰኝ መልእክት ደራሲዋ እስር ቤት እንደነበረችና ዝም የምትለው የጠባቂው ኮቴ እስኪያልፍ እንደሆነ ይናገራል። የሪያዶቹ ሦስቱ ዝምታዎች የመቃብሩ ሦስት ቀናት ናቸው አሉ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰባኪ በቴሌግራም እንዳስተማረው ደግሞ ዘማሪዋ ሦስተኛው ዝምታ ላይ ሕይወቷ አልፏል። ሦስት ምንጭ፣ ሦስት ታሪክ። ስም ያለው አንድም የለም።

የኅብረቱ ሽማግሌ ጋሽ በየነ መዝሙሩን ራሱን አይወዱትም ነበር።

«ጌታን ‹አለህ ወይ› ብሎ ነገር ምንድን ነው?» አሉ በስብሰባው ላይ። «የለሁም ቢልስ?»

«ጋሽ በየነ፣ እርስዎ እኔ ጋ ሲደውሉ ‹አለህ ወይ› ነው የሚሉኝ» አላቸው የመዘምራኑ መሪ ፊልሞን። «የለሁም ብዬዎት አውቃለሁ?»

«አንተማ ምሳ ሲደርስ መቼ ጠፍተህ ታውቃለህ።»

ፊልሞን ጥር ላይ አዲስ አበባ ገብቶ መዝሙሩን ሊያስቀርጽ ስቱዲዮ ይዟል። ዝምታዎቹን በሳክስፎን ሊሞላቸው አስቧል። «ራዲዮ ዝም ካለ ሰው ጣቢያ ይቀይራል» ይላል። ያለ ደራሲው ፈቃድ ግን መቅረጽ አይፈልግም፤ ስለዚህ ደራሲውን እንዳገኝለት እሱም ይወተውተኛል።

የኅብረታችንን የዋትሳፕ መልእክቶች ከቅርቡ ጀምሬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። መዝሙሩ ከሁሉ ቀድሞ የተሰማው ግንቦት 19 ቀን 2012፣ ረቡዕ፣ በስልክ በምናደርገው የጸሎት ስብሰባ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማህቡላ የሚባለው ሰፈር በወረርሽኙ ከተዘጋ ሁለተኛ ወሩ ነበር፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። የዘመረችው እዚያ የተዘጋባት ኤደን ናት፤ በአንድ የጽዳት ኩባንያ የምትሠራ እኅታችን። ማህቡላ ሄጄ ከምትኖርበት ሕንጻ ሥር አገኘኋት።

«የኔ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ያንቺ አይደለም ብለሽም አልተናገርሽም።»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ‹ተባረኪ› ብሎ ያልፋል። እኔም ‹አሜን› እላለሁ።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የጓደኛዋን የአዛለችን መልእክቶች ከፈተችልኝ። አዛለች ሪቃይ በአንድ ቤት የምትሠራ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ናት፤ ኩዌት የመጡት በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። በተዘጋው ወራት ኤደን «ቀኑን በምን ታሳልፊያለሽ?» ብላ ብትጽፍላት፣ አዛለች በጽሑፍ ፋንታ እያንጎራጎረች የቀዳችውን ድምፅ ላከችላት። በማግስቱም ላከች። ዐሥራ አንድ ቀን፣ ዐሥራ አንድ የድምፅ መልእክት፤ ከዚያ ቆመ። ኤደን ዜማውን ከእነዚያ ለቀመችና ግጥሙን ለጌታ አዞረችው። የአዛለች እንዲህ ነበር፦

አለሽ ወይ ከውስጥ፣ እኔ ደጅ ነኝ፤
በሩ ቢዘጋም ድምፅሽ አይራቀኝ፤
ውሃሽን ጠጪና አለሁ በዪኝ።

«ዝምታውስ?» አልኳት።

«እሷ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። የዜማው ነው ብዬ ነዋ።»

«ለማን ነበር የምታንጎራጉረው?»

ኤደን ስልኩን ዘጋችው። «እሱን ራሷን ጠይቃት። ዐሥራ ሁለተኛውን ስጠብቅ ‹ከእንግዲህ አልዘፍንም› ብላ ጻፈችልኝ። ሁለተኛ አላነሣሁባትም።»

አዛለችን ያገኘኋት ኅዳር 17፣ ዓርብ ነው። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮ ልትገዛ ኸይጣን መጥታለች፤ ማዳሟ የሰጠቻት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያውያን ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት፣ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ጭምብሏን ወደ አገጭዋ ዝቅ አድርጋ ስትስቅ አንዱ የፊት ጥርሷ ወርቅ ነው።

«እትዬ አዛለች፣ እርስዎን ለማግኘት …» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ጉልበቴን ያመኛል።»

መዝሙሩ የት የት እንደደረሰ ነገርኳት። እሷም ሰምታለች፤ የጎረቤት ሠራተኛ ልብስ እያሰጣች ስትዘምረው ሰምታ በሯን ዘግታ ገብታለች። ስለ እስር ቤቱና ስለ መቃብሩ ስነግራት ሳቀች። ሰባኪው «ሞታለች» እንዳለ ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረና ሻይዋን አስቀመጠች።

«የሞተችው እኔ አይደለሁም» አለች። «ማማ ነፊሳ ናት።»

ማማ ነፊሳ የአሠሪዋ የማዳም ለይላ እናት ናቸው። አዛለች ዘጠኝ ዓመት አጥባ፣ አልብሳ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ሰጥታ ያኖረቻቸው እሳቸውን ነው። ጠዋት ጠዋት ቡና ከመያዟ በፊት በራቸው ላይ ቆማ በአማርኛ «አለሽ ወይ?» ትላለች፤ ከውስጥ «ኢ» ይሏታል፣ አዎ ማለታቸው ነው። በ2012 ሚያዝያ አሮጊቷ ሳል ጀመራቸው። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ማዳም ለይላ የእናቷን ክፍል ዘጋች። ምግቡንና መድኃኒቱን ጓንትና ጭምብል አድርጋ ራሷ ታስገባለች። አዛለች ግን ልጆቹን ስለምትይዝ እንዳትገባ ከለከለቻት።

«ከልክላኝ አጠፋች አልልም» አለች አዛለች። «ግን ዘጠኝ ዓመት የገባሁበት በር ነው። ደጁ ላይ ተቀምጬ ‹አለሽ ወይ› አልኩ። ሳሉ ድምፃቸውን ወስዶታል፤ ‹ኢ› ማለት አቃታቸው። በኋላ በቀለበታቸው የአልጋውን ብረት መቱ። ሁለት ጊዜ፤ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ወዲህ ንግግራችን ይሄ ሆነ። አንድ ስንኝ እላለሁ፤ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ቋ፣ ቋ። ሌላ ስንኝ እላለሁ።»

ስለዚህ ዝምታው የመልስ ቦታ ነው። ደብተሬን ከፍቼ ጻፍኩት፤ የጠየቅኩትም የመጣሁበትም ይኸው ነበር። አዛለች ግን አልጨረሰችም።

«በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ በከሰዓት በኋላው ሰላት፣ በዐስር ነው። ስልኩን ይዤ እየቀዳሁ ነበር። ለሁለቱ ስንኝ መለሱልኝ። ሦስተኛውን ብዬ ዝም እንዳልኩ አዛኑ ተነሣ፤ ማዳምም ከላይ ጠራችኝ፤ የማፍጠሪያው ሾርባ እሳት ላይ ነበር። ‹መልሳለች› ብዬ ተነሣሁ። ማታ አምቡላንስ መጣ። ሐኪሙ ‹ለመጨረሻ ጊዜ የመለሰችው መቼ ነው?› ብሎ ጠየቀ፤ ማዳም ወደ እኔ ዞረች። ‹በዐስር› አልኩ።» ሽሮው ያለበትን ከረጢት አፉን ታስራለች፣ ትፈታለች። «በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞቱ። እኔ እንጃ። ሰምቼ ነው ያልኩት ወይስ ሥራ ስለጠራኝ? ሳይመልሱ ሄጄ ከሆነ ያን ሰዓት ሰው መጥራት ነበረብኝ። ማዳም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እሱ ነው የሚብሰው።»

«ድምፁ አለ እኮ። ኤደን ጋ።»

«አውቃለሁ። ስልኬ ውሃ ገብቶበት የኔ ሲጠፋ፣ እሷ ጋ እንዳለ አውቄ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ልጠይቃት እነሣለሁ፤ ሌላ ቀን እንኳንም አልጠየቅኩ እላለሁ። እኔ አልሰማውም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ስማው። ካለ አለ በለኝ። ከሌለ የለም በለኝ። ልታጽናናኝ ብለህ ግን እንዳትጨምርበት።»

«አልጨምርም» አልኳት።

«ማልልኝ አልልህም። እናንተ አትምሉም።»

«እናንተስ ትምላላችሁ እንዴ?»

«እኛ እንምልና ንስሐ እንገባለን» ብላ ተነሣች፤ ሰዓቷ ደርሶ ነበር።

ኤደን ዐሥራ አንዱንም ፋይል ላከችልኝ። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ የላብራቶሪው ማቀዝቀዣዎች የማይሰሙበት የዕቃ ክፍል ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን የሚሸፍን ማዳመጫ አደረግኩ። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ባዶ የሚመስለው ዝምታ በማዳመጫ ሲሰማ ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ፋይል ላይ መልሱ ጥርት ብሎ አለ። ቋ፣ ቋ። ስንኙ ካለቀበት እስከ መልሱ ያለውን ጊዜ ለካሁት፤ አንድ ሰከንድ። ሁሉንም በሠንጠረዥ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰከንድ፣ በስምንተኛው ሦስት፣ በዐሥረኛው አራት ሊሞላ። መልሱ በየቀኑ እየዘገየ ነበር። ልብ ያልኩት ሌላ ነገር አለ፤ አዛለችም ሳታውቀው በየቀኑ ዝምታዋን አርዝማለች። ኤደን የለቀመችው የመጨረሻውን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘምረው አራት ምት ከዚያ የመጣ ነው።

ዐሥራ አንደኛው፣ ግንቦት 6። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ መልሱ በአራት ሰከንድ መጣ። ከሁለተኛው በኋላ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። አዛኑ ተጀመረ፤ በዚያ ሰሞን ብቻ የሚባለው፣ በየቤታችሁ ስገዱ የሚለው ጥሪ የተጨመረበት አዛን ነው። በአራተኛው ሰከንድ ከላይ የሴት ድምፅ «ዛላ!» ብሎ አዛለችን ተጣራ። አዛለች ተነሣች፤ የነጠላ ጫማዋ ይሰማል። ሁልጊዜ ስትጨርስ እንደምታደርገው የመጀመሪያውን ስንኝ እየደገመች ሄደች፤ ከዚያ ቅጂው ያበቃል።

በዝምታው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሰው የሚፈልገውን ደጋግሞ ካዳመጠ ያልነበረውን መስማት ይጀምራል፤ የራሴን ጆሮ ከዚያ በላይ አላመንኩትም። በማግስቱ ጋሽ በየነንና ፊልሞንን ለየብቻ አስቀመጥኳቸው። ምን እንደምፈልግ ሳልነግር ማዳመጫውን አደረግኩላቸው፤ የሰሙትን ሁሉ በወረቀት እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ጋሽ በየነ «ሴት ታንጎራጉራለች። ሁለቴ ብረት ተመታ፣ ደግሞ ሁለቴ። አዛን። ጫማ። ሌላ የለም» ብለው ጻፉ። ናሙና እንደሚመረምር ሰው ጠንቃቃ ነበሩ። እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው። አዛለች ፊት ቆሜ «የለም» ስል ታየኝ።

ፊልሞን ወረቀቱን ሳይጽፍበት ይዞ ቆየ።

«መጨረሻው ላይ የሚመታው ማነው?» አለ። «ከምቱ ወጥቷል።»

«የትኛው መጨረሻ?»

«ስንኙን ስትደግመው። ‹እኔ ደጅ› የምትለው ላይ። ጫማዋ ከዜማው ጋር ነው የሚሄደው፤ ሰው እየዘፈነ ሲሄድ እግሩ ምቱን ይከተላል። ይሄ ግን በመሀል ይገባል። የሚመታው ሰው ዘፈኑን አይደለም የሚጠብቀው።»

ቦታውን አሳየኝ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ ሰማሁ። ከአዛለች ድምፅ ሥር፣ ከአዛኑ ሥር፣ ከጫማው ቀጠን ያለ ሁለት ምት አለ። የአንደኛውን ቀን መልስ ቆርጬ አጠገቡ አስቀመጥኩት። የዐሥረኛውንም። ብረቱ ያው ብረት፣ ቀለበቱም ያው ቀለበት ነው። ጋሽ በየነን መልሼ አስቀምጬ ያንን ክፍል ብቻ በቀስታ አሰማኋቸው፤ አሁንም ምንም አልነገርኳቸውም። እስክሪብቶውን አንሥተው ሁለት ነጥብ አደረጉ፤ ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው «ማን ናቸው?» አሉኝ። ስነግራቸው መነጽራቸውን ረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ሦስተኛው ስንኝ ካለቀበት እስከ መልሱ ስድስት ሰከንድ ተኩል ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ አዛለች አግዳሚው ላይ ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር። ሽሮም ምንም አልገዛችም። ፊቴን ለማንበብ ስትሞክር ስላየሁ ሳልቀመጥ ነገርኳት።

«አለ።»

«የት ላይ?»

«ዝምታው ውስጥ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው። ተነሥተሽ ስንኙን ስትደግሚ፣ ካንቺ ድምፅ ሥር።»

ቶሎ አልገባትም። ሠንጠረዡን ዘርግቼ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በጣቴ እየተከተልኩ አሳየኋት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ ስድስት ተኩል። ቁጥሮቹን በከንፈሯ ተከተለች።

«እየደከሙ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ስሄድ መለሱ።»

«አዎ። ለሐኪሙ ያልሽው እውነት ነው፤ በዐስር መልሰዋል። ግን ያኔ አልሰማሽም። ይህንንም አልደብቅሽም።»

«አትደብቀኝ» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ።»

ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረገችው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ለቀቅኩት። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች፤ ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ እንደሚያደርገው። ሦስተኛው ዝምታ ላይ እጇ አግዳሚውን ጨበጠ። ማዳም «ዛላ!» ስትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «ቆዪ» ያለች መሰለኝ፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። ከዚያ መልሱ መጣ። መምጣቱን ያወቅኩት ከእሷ ነው፤ ትከሻዋ ወረደ።

እንባዋን በጭምብሏ ጠረገችና ጭምብሉን አየችው። «አሁን ይሄን ደግሞ እንዴት አደርገዋለሁ» አለች። ካለኝ ላይ አዲስ ሰጠኋት። ድጋሚ ሰማች። በሦስተኛው ጊዜ በጣቷ ከእሳቸው ጋር አግዳሚውን መታች።

ስለ ቀረጻው ነገርኳት፤ ፊልሞን ፈቃድ እንደሚፈልግ፣ ሳክስፎን እንዳሰበም።

«ይዘምሩት። ጌታንም ‹አለህ ወይ› ቢሉት አይቀየምም፤ ማማ ነፊሳም አልተቀየሙኝም» አለች። «ሳክስ ያልከው ግን አይግባ። ሌላም አንድ ነገር አለ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ይጠብቁ። እኔ አልጠበቅኩም።»

ፊልሞን ይከራከራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሳክስፎኑን ተወው። በሚቀጥለው ዓርብ ለመዘምራኑ ያንን ፋይል አሰማቸውና መለማመድ ጀመሩ። ስድስት ሰከንድ ተኩል ለሚቆም ሰው ረጅም ነው። አንዷ ቀድማ ትገባለች፣ አንዱ ይስላል፣ ሌላው ይስቃል። ፊልሞን በጣቱ ቢቆጥርም አልሆነለትም።

አዛለች በዚያ ቀን ከኤደን ጋር መጥታ ነበር። «ወደ ውስጥ ግቢ» ብንላት እምቢ አለች። «እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፤ ለእናንተ ደጁ ይበቃኛል» ብላ የአዳራሹን በር ተደግፋ ቆመች። ጋሽ በየነ ራሳቸው ወንበር አምጥተው ደፉ ላይ አኖሩላት፤ ሁለቱ እግሩ ውስጥ፣ ሁለቱ ውጭ። መዘምራኑ ለአምስተኛ ጊዜ ሲሳሳቱ ከበሩ እጇን አነሣች። ፊልሞን መቁጠሩን ተወና እሷን ማየት ጀመረ።

ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። እጇ እንደተነሣ ቆየ። ከመንገዱ የአውቶቡስ ድምፅ መጥቶ አለፈ። ማንም አልሳለም። አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ቆየች፣ ከዚያም እጇን በቀስታ አወረደች፤ መዘምራኑም የመጀመሪያውን ስንኝ ይዘው ገቡ።

በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ አጠረ። በሦስተኛው ደግሞ ረዘመ።

ደብተሩ ላይ በመዝሙር 113 ሥር ጽፌ የነበረው «ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ 6.5 ሰከንድ» የሚል ነው። ሰረዝኩት። ከበላዩ «አዛለች፤ ሪቃይ፤ ሚያዝያና ግንቦት 2012፤ ለማማ ነፊሳ» ብዬ፣ ለዝምታው «መልስ እስኪመጣ» ብዬ ጻፍኩ።